ሰው ይዘሽ ነይ

ጥር 15፣ ከሰዓት 9፡30
ከጤ/ጣቢያ መመለሴ። የአራተኛ ወር ክትትል። ክብደት ጨምሬያለሁ፣ ደም ግፊት ደህና። አልትራሳውንዱ ላይ የልጄን ልብ ምት አየሁ፤ ሳቅሁ። ሐኪሙ አልሳቀም። መሣሪያውን ሆዴ ላይ ወደ ጎን ገፋ አደረገው፣ እዚያው ቆየ። ደግሞ መለሰው። ምነው? አልኩት። ሰኞ ሰው ይዘሽ ነይ አለኝ።

ሰው! ሰው ከየት አባቴ ላምጣ፣ ደብተሬ? ባሌ ኤርሚያስ ከነጭነት መኪናው ጂቡቲ መንገድ ላይ። እናቴ ቦንጋ፤ ብነግራት ሳትሰማ ለቅሶ ትጀምራለች። ስፌት ቤት አብረውኝ ለሚሠሩት ማርገዜንም ገና አልነገርኳቸው።

ጥር 19፣ ሰኞ
አከራዬን እማማ ዘይነባን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ እኔን ውጭ አስቀምጦ እሳቸውን አስገባ። ሆዱ የኔ፣ ኮሪደር ላይ የተቀመጥኩት እኔ! ግድግዳው ላይ ያለውን የጡት ማጥባት ምክር ስድስት ጊዜ አነበብኩ።

ሲወጡ ወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ምን አለዎት? ቫይታሚን አንሷታል አለ፣ አሉኝ። ታክሲ ውስጥ እጄን ያዙ፤ ቀራንዮ እስክንወርድ አልለቀቁኝም። ለቫይታሚን እጅ አይያዝም።

ጥር 22
ግቢው ተለወጠ። እማማ ጀሪካኔን ከእጄ ነጠቁኝ፣ ውኃ አትቅጂ ብለው። ጎረቤቴ አልማዝ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ስንቴ የተጣላችኝ፣ ዛሬ ልብሴን አጥባ አሰጣችልኝ። ስገባ ወሬ ይቆማል።

ኤርሚያስ በቀን ሦስቴ ይደውላል። በሳምንት አንዴ የሚደውል ሰውዬ! በላሽ? ተኛሽ? ድምፁ ለስልሷል። ሴት ይዟል፤ ሌላ ምን ያለሰልሰዋል? ዘጋሁበት። ከዚያ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ፤ እንዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ጥር 25፣ እሑድ
ኤርሚያስን በስልክ አፋጠጥኩት። ሴትየዋ ማን ናት? አልኩት። መኪናውን ዳር አቁሞ አለቀሰ። ሴት የለችም። እማማ ደውለው ነግረውት ነው፦ ከማሕፀኔ ጎን፣ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ እጢ አለ። ክፉ ይሁን ደህና፣ ወጥቶ ካልተመረመረ አይታወቅም። ልጁን ሳይነኩ ለማውጣት ደህናው ጊዜ አሁን ነው። ትልቁ ሆ/ል የቀጠረኝ ለማክሰኞ።

እሱ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ሊደብቁኝ ተስማምተዋል። ቀጠሮው ይለፍ፣ ብቻ እሷ ደንግጣ ጽንሱ እንዳይወርድ ብለው። ለኔው አዝነው! ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ልጄ መሃል አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ያ።

ጥር 26
እማማ ዘንድ ገባሁ፤ ወረቀቱን ይስጡኝ አልኩ። ልቆጣ ነበር የሄድኩት። «ላረገዘች ሴት እንዴት ይነገራል፣ ልጄ? አንደበቴ እምቢ አለኝ» አሉ። ከሳጥናቸው አወጡት፤ በሻሽ ጠቅልለውታል። በየሰላቱ ዱዓ ሲያደርጉልኝ ሰንብተዋል። ይህን ስሰማ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። አንድ ላይ አለቀስን።

ጥር 27፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40
ሆ/ል። ወረፋ። እማማ አጠገቤ ናቸው፤ ካልመጣሁ ብለው። ግን ተስማምተናል፤ ዛሬ ኮሪደር ላይ የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። ነርሷ ገና ካሁኑ ቤተሰብ አለሽ ወይ ብላለች። አለኝ፣ ግን የሚነገረው ለኔ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

ክፉም ከሆነ በጆሮዬ ልስማው። ለቀዶ ጥገናውም፣ ዛሬ ቀን ከሰጡኝ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

ስገባ አንቺን፣ ደብተሬ፣ እማማ ይይዙሻል። ማንበብ አይችሉም። ምስጢር መያዙን ግን አይቻለሁ፣ ያውቁበታል።

ተጠራሁ።