አንዲት ምት በሣር ውስጥ

ማክሰኞ፣ ሹም አቦ

አልፈርምም። አራት ጊዜ አነበብሁት፤ አልፈርምም።

ከጎልፍ ክለቡ የመጣው ወረቀት «ኳሷ መንቀሳቀሷን እያወቅሁ ደብቄአለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ከፈረምሁ ዋንጫው ይቀርብኛል፣ ግን በሚመጣው ወር የፕሮፌሽናል ጎልፍ ማጣሪያ ላይ እወዳደራለሁ። እስከ ዓርብ ካልፈረምሁ አንድ ዓመት እታገዳለሁ።

በጎልፍ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። የሴቶቹን ሻምፒዮና በሁለት ምት በልጬ አሸነፍሁ፤ ሦስተኛ ዋንጫዬ ነው። በማግስቱ አብራኝ የተጫወተችው ሳባ፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ ዱላዬን ከኳሷ ኋላ ሳሳርፍ ኳሷ ስትንቀሳቀስ እንዳየች ተናገረች። ኳሷን ሳይመታ ያንቀሳቀሰ አንድ ምት ይቆጠርበታል። እኔ አልቆጠርሁም። ምን ብዬ ልቁጠር? አላየሁም! ሳባን ውሸታም አልኋት።

እናቴ «ፈርሚና ተገላገይ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለች።

ወረቀት አይደለም። ስሜ ነው።

ረቡዕ፣ ቁንዝላ

አጎቴ ዘንድ መጣሁ። መሪጌታ ናቸው፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። የመጣሁት ግን ለሣሩ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ በለቀቀው መሬት ላይ እንደ ውድድሩ ሜዳ ያለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሣር አለ።

የያዝሁት፦ አንድ ዱላ፣ ስድስት ኳስ፣ የሕጉ መጽሐፍ፣ ይህ ደብተር። መኪና ውስጥ አንድ ሰውዬ ዱላውን አይተው «ለእባብ ነው?» አሉኝ። «ለሰው ነው» አልሁ። ወንበር ቀየሩ።

አርባ ጊዜ ሞከርሁ። ኳስ አስቀምጣለሁ፣ ዱላውን ከኋላዋ አሳርፋለሁ፣ አያለሁ። አርባ ጊዜ ምንም። ሳባ ዋሽታለች!

ሐሙስ

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ደገምሁት። የኔታ መጥተው ቆሙ።

«ይህን ሁሉ ተምረሽ ሣር ትደበድቢያለሽ?»

«እርስዎ በልጅነትዎ ገና ሲጫወቱስ?»

«እኛማ የምንደበድበው ሰው ነው።»

ነገሩን ነገርኋቸው። አልፈረዱም። ጋቢያቸውን አንጥፈው በጎናቸው ጋደም አሉና «አሳርፊ» አሉ።

«ተንቀሳቀሰች።»

«አልተንቀሳቀሰችም!»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ነይ፣ አንቺ ተኚ፤ እኔ ልያዘው።»

ተኛሁ። ዱላው እርጥቡን ሣር ሲጫነው ኳሷ የጥፍር ያህል ወደ ታች ሰጠም አለች። ከላይ ለቆመ አትታይም። ከጎን ግን እንደ ፀሐይ ግልጽ ናት።

ሳባ ያን ቀን ከተዳፋቱ በታች ነበረች። ዓይኗ ከኳሷ ጋር እኩል ነበር።

ምሳ አልበላሁም። የኔታ ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ዜማ የሳተ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው» አሉ። «መሳቱን ሰምቶ የሚያልፈውን እገሥጸዋለሁ። ያልሰማውን መልሼ አዜመዋለሁ፤ ምን በድሎ ይቀጣል?»

ክለቡ ይህን የሚለይ ሕግ አለው? እስከ ዛሬ የፈተሽሁት ኳስ ስለመንቀሳቀስ የሚለውን ምዕራፍ ብቻ ነው።

ዓርብ

አለው! ስለ ውጤት ካርድ በሚለው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ቅጣት መኖሩን ሳያውቅ ካርዱን ከፈረመ ምቱ ይጨመርበታል እንጂ ከውድድሩ አይሰረዝም። አንድ ቢጨመርብኝ አሁንም በአንድ ምት አሸንፋለሁ። ስለዚህ ነው «እያወቅሁ» የምትለዋን ቃል በእጄ ሊያስፈርሙኝ የፈለጉት።

ለሳባ ደወልሁ።

«ልክ ነሽ፣ ተንቀሳቅሳለች» አልኋት። «ውሸታም ስላልሁሽ ይቅርታ።»

«እኔ እኮ ተንቀሳቀሰች አልሁ እንጂ ታውቃለች አላልሁም» አለች።

«ይህንኑ ጽፈሽ ትልኪላቸዋለሽ?»

«እሺ።»

የእኔን ደብዳቤ ኢንተርኔት ካለበት ከጀልባው ማረፊያ ላክሁ። ሦስት መስመር ነው፦ ምቷን ቁጠሩብኝ። ሳላውቅ ነው። «እያወቀች ደበቀች» ያላችሁትን አንሡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ መልስ የለም። የሳባም ደብዳቤ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም። ስልኩን ደብተሩ ላይ ትቼ ወደ ሣሩ ወረድሁ። ዱላዬን ሣሩን ሳላስነካ አየር ላይ ያዝሁት። የኔታ ጋደም ብለው አዩ።

«አልተንቀሳቀሰችም» አሉ።

መታኋት።