ባዶ ዘንቢል

ለአብሮ አደጌ፣
ሱሉልታ

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? የሱሉልታ ብርድ ጉንፋንሽን እንዳባሰው ባለፈው ከድምፅሽ ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይማርሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ በአካሌ ደህና ነኝ። የቀረውን ከታች ትደርሺበታለሽ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ልጆቹ ብቻ ጠይቄሽ ዘጋሁ። ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ እትዬ የሺሃረግ ነበር። እናትሽ ካረፉ አራት ወር ሊሞላ ነው፤ እኔ ከቀብሩ ጀምሮ ዓይንሽን ማየት አልቻልኩም። አንቺ ደግሞ "እንደ ልጃቸው ነበረች፣ ሐዘኑ ጎድቷት ነው" እያልሽ ለሰው ትነግሪልኛለሽ አሉ። እንዲህ ስታስቢልኝ ይብስብኛል።

እሁድ ኦቦ ዱባለ ሽማግሌዎች ይዘው እንደሚመጡብሽ ነግረሽኛል፤ እትዬን በመኪና ገጭቶ ስለገደለው ሾፌር ስለ ሲላስ ይቅርታ ሊለምኑ። በሩን እንደማትከፍቺም ምለሻል። ስለገደለስ ይቅር ባልኩት፣ ስለዋሸ ግን አልለውም አልሽኝ። እሱ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ሴትዮዋ መንገዱ ዳር ይመላለሱ ነበር፣ ሄደው ሄደው ድንገት ዞሩ የሚል ነው። አንቺ ደግሞ ዘንቢል የያዘ ሰው ገበያ ይሄዳል እንጂ ምን ብሎ ይመላለሳል፣ እናቴን እብድ አስመሰላት እያልሽ ታለቅሻለሽ።

አልዋሸም። ያመላለስኳቸው እኔ ነኝ። ዘንቢሉንም ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

በመስከረም እኛ ጤና ጣቢያ መጡ። ስኳራቸው ሦስት መቶ አሥር ነበር፤ እግራቸው አብጧል። ድሮ አዲስ አበባ እያለን እንዴት እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። ቤተ ክርስቲያን በእግር፣ ወፍጮ ቤት በእግር፣ ዕድር በእግር፣ ያን ዳገት በቀን ሦስት ጊዜ ይወጡት ነበር። ስፖርት ብሎ የጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ ፈርሶ አንቺ ፉሪ ቤት ከሠራሽላቸው በኋላ (ደግ አደረግሽ፣ በዚህ የሚወቅስሽ የለም) ለሁሉም ነገር ባጃጅ ሆነ። ሌላውን ጊዜ በር ዘግቶ መቀመጥ ነው። በሁለት ዓመት አሥራ አራት ኪሎ ጨመሩ።

ለስኳር በሽተኛ ሁሉ የምናድለው ወረቀት አለ። በቀን ሠላሳ ደቂቃ ይራመዱ ይላል። እሱን ሳነብላቸው "ልጄ፣ የት ነው የምራመደው?" አሉኝ።

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። የውስጡ መንገድ ጭቃና ውሻ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ በቆርቆሮ ከታጠረ ቆይቷል። የቀረው የጅማ መንገድ ነው፤ እሱም የእግረኛ መሄጃ የለው፣ በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላው በኩል አሸዋ የጫነ መኪና። እኔ ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሠላሳ ሰው ነበረብኝና "እትዬ፣ ሰበብ አያብዙ። በአስፋልቱ ዳር ዳሩን ይሂዱ" አልኳቸው። እንዲህ ነው የተናገርኳቸው፣ ያሳደጉኝን ሴት።

ከዚያ አፈሩ። በዚህ ዕድሜዬ ባዶ እጄን ስሄድና ስመለስ ጎረቤት የት ነበሩ ቢለኝ ምን እላለሁ አሉ። እኔም ስቄ፣ ዘንቢል ይያዙ፣ ገበያ የሚሄዱ ይመስላል አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጠዋት ከሥራ በፊት አብሬያቸው ሄድኩ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው፣ አሥር ምልልስ። በሦስተኛው ቀን አንድ ከባድ መኪና በጣም ተጠግቶን አለፈና ነፋሱ ነጠላዬን ገፎ ቦይ ውስጥ ጣለው። እሳቸው ወርደው አውጥተው፣ አራግፈው አለበሱኝ። በማግስቱ ፈረቃዬ ተቀይሯል ብዬ ላክሁባቸው።

ፈረቃዬ አልተቀየረም ነበር። ፈርቼ ነው። ለራሴ ፈርቼ ቀረሁ፣ እሳቸውን ግን ይቅርብዎት አላልኳቸውም። ስኳራቸው ወደ መቶ ሰማንያ ወርዶ ነበራ። ካርዳቸው ላይ ጎበዝ ብዬ ጻፍኩ፤ ለሌሎቹ ታካሚዎች እሳቸውን ምሳሌ አደርግ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ።

ድንገት አልዞሩም። ምሰሶው ጋ ስለደረሱ ነው የዞሩት።

ሲላስ ፈጥኖ ነድቶ ከሆነ ፍርድ ቤት ይፍረደው፤ እሱን እኔ አላውቅም። ባልዋሸው ውሸት ግን አትጥዪው።

እኔ እንደሆንኩ አሁንም ያንኑ ወረቀት አድላለሁ። የት ሲሉኝ ቀጣዩን ተረኛ እጠራለሁ። ባለፈው ወር ፈቀደ የሚባሉ የፋብሪካ ጥበቃ በስኳሩ ምክንያት እግራቸው ተቆረጠ፤ እሳቸው አስፋልቱን ፈርተው ቤት የዋሉ ናቸው። ምን ብላቸው ይሻል እንደነበር እስካሁን አላገኘሁትም።

ደግሞ አንድ ነገር። ውሃ ጥም በዛብኝ፣ ሽንት ሽንት እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ ያልሽኝን ዝም ብዬ የሰማሁ እንዳይመስልሽ። ነገ ዛሬ ሳትይ ተመርመሪ። ከእኔ ሌላ ሰው ይመርምርሽ።

ትናንት ኦቦ ዱባለ ቤት ሄጄ ይህንኑ ሁሉ ነገርኳቸው። "ለእሷ ነግረሻታል ወይ?" ብቻ አሉኝ። ሲላስ ታስሮ ስለሆነ ወንድሙ በእሱ ፈንታ የይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሊቆምለት ነበር። ለእኔ እንዲተውልኝ ለምኜ እሺ አሰኘሁት። እሁድ በሩን ከከፈትሽ፣ ድንጋዩን ተሸክማ የቆመችው እኔ ነኝ። ካልከፈትሽም እዚያው ነኝ።

እግዚአብሔር የእትዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አንቺን ለልጆችሽ ያቆይልሽ፤ ጤናውንም አብዝቶ ይስጥሽ።

እስከ እሁድ ድረስ፣
አብሮ አደግሽ