ልምጣ ወይስ ልቅር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ፎጣ አጠፍኩ። ሌላ ምን ይጻፋል? ጠዋት ምድር ቤት ገባሁ፣ ማታ ወጣሁ። ሆቴሉ በፊት ለፊቱ መስታወት ነው፣ ምንጣፍ ነው፣ አበባ ነው... እኛ የምንገባው በጓሮ፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ መሃል ነው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት የለውም። ሙቀቱ አንድ ነገር፣ የማሽኑ ጩኸት ሌላ ነገር። የፎጣው ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይሸኘኛል።

ባሌ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ "ይለመዳል" አለኝ። ከመጣን ሁለት ዓመታችን፣ እስካሁን ይቺን አንዲት ቃል ነው የሚያመነዥከው። ብርዱ ይለመዳል። ቋንቋው ይለመዳል። እዚያ መምህር ነበር፤ እዚህ የሰው ዕቃ እየተሸከመ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ጉልበቱ አብጧል። እሱም ይለመዳል። አንድ ቀን ሞትንም ይለመዳል ሳይለኝ አይቀርም።

እራት ላይ ታናሼ ደወለች። የልብስ ስፌት ሱቋን ከነመኪናዎቹ የሚገዛት ሰው ተገኝቷል።

"አንድ ቃል በይኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር?"

"እናያለን።"

"እናያለን ምንድን ነው? አንቺ እዚያ ሆነሽ ያላየሽውን እኔ እዚህ ሆኜ ምኑን አየዋለሁ?"

እውነቷን ነው። ግን ምን ልበላት? ሳቋ ናፍቆኛል። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ከሳቀ ስንት ጊዜው... ነይ ብላት ለራሴ ስል ነው። ቅሪ ብላት ደግሞ ብቻዬን ቀረሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

እትዬን ዛሬም ትከሻዋ ይዟታል።

እትዬ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የምትሠራው ሴትዮ ናት። የሌላ አገር ሰው ናት፣ ቋንቋችን አይገናኝም። ታላቄ ስለሆነች በስሟ ልጠራት ብል አፌ እምቢ አለኝ። እትዬ አልኳት፤ ለመደችውና ስጠራት ዞር ትላለች። ቀኝ እጇ ከደረቷ በላይ አልነሳ ብሏታል። ትልልቁ ፎጣ ደግሞ ካልዘረጉት አይታጠፍም። ጋሪዋ ሲቆለል እኔ የራሴን ጨርሼ እጄን አጣምሬ ልቁም? እማዬ እንደዚያ ቆሜ ብታየኝ ምን ትለኛለች? ከጋሪዋ እያፈስኩ አጥፍላታለሁ። ይኸው ስንት ሳምንታችን። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? እሷም ስንወጣ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ትከትልኛለች። እንደ ልጅ።

ማሽኑ ጋ ከሚሠሩት አንዷ ዛሬ ጠጋ ብላ "ተይ" አለችኝ።

"ምኑን?"

በዓይኗ የእትዬን ጋሪ አሳየችኝና ሄደች። ምቀኛ። ሰው ሰው ሲያግዝ ማየት የሚያማት ናት አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ደረጃ ላይ ጎረቤታችንን ሰላም አልኩት። ለሌላ ሰው ያልኩ መስሎት ዞሮ ከኋላው አየ። ማንም የለም። በሩን ከፍቶ ገባ። ተናድጃለሁ፣ ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2



ጠዋት ስገባ የእትዬ ጠረጴዛ ባዶ ነው። አሟት ይሆናል አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ፊሽካ ጠራችኝ። ፊሽካ ኃላፊያችን ናት፤ ስትናገር በጥርሷ መሃል ስለምታፏጭ በልቤ ያወጣሁላት ስም ነው። ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፣ እሷ መቼ ፈገግ ትላለች?

"ጎበዝ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ጠረጴዛ አንቺ ትይዣለሽ።"

"ብቻዬን?"

"ስትሠሪው አይተናል።"

ጣሪያው ላይ ያለውን ካሜራ አሳየችኝ። አይተውኛል... የእትዬን ጋሪ ሳጥፍ አይተው፣ አንድ ሰው ለሁለቱም ከበቃ ሁለተኛዋ ለምን ትቀለባለች ብለዋል። አሰናበቷት። ደህና ሁኚ እንኳ ሳንባባል።

"ትከሻዋን ስላመማት እኮ ነው ያገዝኳት" አልኩ፣ በማውቃት ጥቂት ቋንቋቸው እየተሰባበርኩ። ራሷን ነቀነቀች። የገባት መሰለኝ። ለካ የነቀነቀችው ስልኳን እያወጣች ነው። ፀጉሬን የሸፈንኩበትን መረብ ሳላወልቅ ፎቶ አነሳችኝ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀልኩ። የወሩ ምርጥ ሠራተኛ።

በየትኛው አገር ነው ሰው ማገዝ የሰው እንጀራ መዝጋት የሚሆነው? እኔ ከአንድ ሁለት ይሻላል ስል እነሱ አንዷን ሲቀንሱ ነበር። ያቺ "ተይ" ያለችኝ ሴት ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፣ ፎቶውን ቀና ብላ አይታ አለፈች። ምቀኛ ያልኳት እኔ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የዛሬው ደግሞ ከትናንቱ ባሰ።

ትናንት ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ለባሌ ያሳየሁት ጉድ እይልኝ ብዬ ነው። ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ነገርኩት። "እኔ ነኝ ያስባረርኳት" ብዬ ፊቱ አለቀስኩ። እሱ ሆዬ ዛሬ ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ልኮታል። "ባለቤቴ በሥራዋ ተሸለመች" ብሎ። የአበባ ምስል ጨምሮበት።

እማዬ በስልክ እልል አለችልኝ። እልልታው ሲያልቅ ምን ልበል? አሜን አልኩ።

"አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ?" አልኩት።

"ምን አለበት ቢደሰቱ? ከመጣን ወዲህ ደስ የሚል ነገር ልከንላቸው እናውቃለን?"

"በሴትዮዋ መባረር ነው የሚደሰቱት?"

"እነሱ ሴትዮዋን የት ያውቋታል።"

መልስ የሰጠኝ መስሎት ዞር አለ። ሃያ ዓመት ልጅ ያስተማረ ሰው። እራቱን ራሱ አሙቆ ይብላ ብዬ ገብቼ ተኛሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ለታናሼ ደወልኩላት። በቃ፣ እናያለን ማለት ይብቃ ብዬ።

"ቅሪ" አልኳት። "ሱቅሽን እንዳትሸጪ። እዚያ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ወረፋ ይይዝልሻል፣ የሠራሽውን ቀሚስ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ማን ሰፋልሽ ይላል። እዚህ የማታውቂው ሰው ገላውን የጠረገበትን ፎጣ ነው የምታጥፊው።" የእትዬንም ነገርኳት። ሁሉንም። አልሸፋፈንኩም።

ገብቷታል ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል...

"ፎቶሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለውልሽ ታማርሪያለሽ?"

"እሱ ፎቶ እኮ..."

"እኔን ስንት ዓመት ስሰፋ ማን ሰቀለኝ? ሴትዮዋም ሰነፍ ብትሆን ነው። ጎበዝ ለሆነማ ይኸው አንቺን አላከበሩሽም?"

"ስሚኝ እንጂ።"

"ሰማሁሽ። አንቺ ተሻግረሽ እኔን ወንዝ ዳር ልታስቀሪኝ ነው። በይ ተይው።"

እማዬ ስልኩን ተቀበለቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የኔ ልጅ፣ እህትሽ ቢያልፍላት ካንቺ ላይ ምን ይጎድላል?" አለችኝ።

እኔ? እኔ ልመቀኛት? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳትን? ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደውሉ "ደህና ነን፣ ተመስገን፣ ሁሉ ጥሩ ነው" እያልኩ ስዋሻቸው አንድም ቀን አልተጠራጠሩኝም። አንድ ቀን እውነቱን ብነግራቸው ምቀኛ ሆንኩ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ይምከራታ። ምን አገባኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

በፎቶው ላይ ያለችው ሴት ፈገግ ብላለች። እኔ መቼ ነው ፈገግ ያልኩት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

እትዬን አየኋት። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ አትክልት የሞላ ከረጢት በግራ እጇ ይዛ። ቀኟ እንደተለመደው ደረቷ ላይ። ሮጥኩ። ደረስኩባትና... ምን ልበላት? የማውቀው "ይቅርታ" የሰው እግር ሲረግጡ የሚባለውን ነው። እሱኑ አልኳት። ደጋግሜ። ከረጢቱን ልያዝልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ከረጢቱን ወደ ራሷ ሳበችው። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችኝም። እጄን ብቻ ሸሸችው። አውቶቡሱ መጣ፣ ገባች።

እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስብኝ ነው አገር አቋርጬ የመጣሁት? እዚያ ብሆን ሽማግሌ እልክ ነበር። ቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። እዚህ ቤቷ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ሱቁ ተሸጠ። የመግቢያ ፈቃዱም ወጣላት። ትመጣለች።

የነገረኝ ባሌ ነው፤ እኔና እሷ ከተኳረፍን ሁለት ወራችን ነው። ትምጣ። በገዛ እጇ ነው። አልሰሜን ግባ በለው አሉ። አልቀበላትም፣ አውሮፕላን ማረፊያም አልሄድም አልኩ። እያልኩ መጋረጃ አጠብኩ። እያልኩ የሰው አሮጌ አልጋ ደረጃ ለደረጃ ከባሌ ጋር ጎትተን አወጣን። ባሌ ሳቁን እየዋጠ "እንግዳ አለብን እንዴ?" አለኝ። ትራስ ወረወርኩበት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

እሑድ መጥታለች። ሄድኩ እንጂ፣ ምን ላድርግ። ስታየኝ ሻንጣዋን ጥላ መጣች፣ አንገቴን አንቃ አልቅሳ አልቅሳ "ከሳሽ" አለችኝ። "አንቺ ወፈርሽ" አልኳት። እዚያው መሃል መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። የተኳረፍንበት ነገር አልተነሳም። አላነሳሁትም። ሦስት ቀን ሙሉ መናደድ ረስቼ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

እንግዳ በዛ፣ ሁለት ጠረጴዛ ብቻዬን አልቻልኩም። ወገቤ ተቆረጠ። ፊሽካ ሰው ልጨምርልሽ ነው አለችኝ። አጋጣሚው ይኸው ብዬ እቤት ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር አወጣሁ። የድሮዋን ሴትዮ መልሱልኝ፣ እሷ ሥራውን ታውቀዋለች።

"እሷማ ቀርፋፋ ናት። እህትሽ መጥታለች አይደል? ያንቺ እህት ከሆነች ጎበዝ ናት።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ታናሼ ግን ከመጣች ጀምሮ በየሱቁ ሥራ ብትጠይቅ ቋንቋ የለሽም እያሉ መልሰዋታል። ባሌ "እሷ ባትገባ ሌላ ሰው መግባቱ አይቀርም" አለኝ። እውነት ነው። እንዲህ ያለ እውነት አልወድም። እሺ አልኩ። በእትዬ ጠረጴዛ ላይ የገዛ እህቴን ተካሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ታናሼ ዛሬ ሥራ ጀመረች። የልብስ ሰፊ እጅ ነው፣ ጨርቅ ያውቃል። ምን ቢሰጧት እኩለ ቀን ሳይደርስ ጋሪዋን አራቆተችው። ከዚያ ምን ታድርግ? የእናቷ ልጅ አይደለች፣ ዞር አለችና ከኔ ጋሪ ታፍስ ጀመር።

እጇን መታሁት። ጯ አለ።

"የራስሽን ብቻ" አልኳት። በነሱ ቋንቋ ነው የወጣኝ። በፊሽካ ድምፅ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እጇን ይዛ አየችኝ፣ አራት ዓመቷ ሳለ ስቆጣት እንደምታየኝ። ምሳ ላይ አልበላም አለች።

"እህቴ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው?"

"ብታግዢኝ አንዳችንን ያስወጣሉ። ነግሬሽ ነበር።"

"እኔ እኮ... ሴትዮዋ ሰንፋ መስሎኝ።"

"አውቃለሁ ምን እንደመሰለሽ።"

መዳፏ ተልጧል። ያ ቀጭን መርፌ የሚይዝ እጅ።

ማታ እማዬ ደወለች። ድምፁ ክፍት ነበር፣ ሁላችንም እንሰማለን። "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ እህትሽ እንዳለችው ነው እንዴ?" አለቻት። ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንድ ምስክር አገኘሁ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ታናሼ አየችኝ። የተላጠ እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

"ኧረ ጥሩ ነው እማዬ። እሷን ታውቂያት የለ፣ ማካበድ ትወዳለች።"

እማዬ "እኔም ብዬ ነበር" አለች።

ስልኩ እንደተዘጋ ተነሳሁባት። "በፊቴ? እኔን ውሸታም አድርገሽ?"

"ሱቄን ሸጫለሁ። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ምን ልበላት ታዲያ? አንቺ ሁለት ዓመት ምን ስትያት ነበር?"

ባሌ "ይለ..." ሲል ሁለታችንም ዞረን አየነው፣ አልጨረሰውም።

ከዚያ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ሳልጠራት መጣችና ከእጄ እየተቀበለች ታደርቅ ጀመር። እዚህ ካሜራ የለም፣ አልከለከልኳትም። አሁን በግድግዳው ማዶ ከባሌ ጋር ካርታ እየተጫወቱ ነው፣ አጭበረበርክ እያለችው ትስቃለች። ከመጣን ጀምሮ ይህ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

መምጣቴ አዋጣኝ ወይ እያልኩ ስንት ገጽ ጨረስኩ። ዛሬ መልሱን አገኘሁት፣ አገኘሁትና የባሰ ተናደድኩ። እሷ እዚህ ስላለች እኔን አዋጣኝ። እሷን ግን አላዋጣትም። ያተረፍኩት እህቴን አክስሬ ነው፣ አሁን ደግሞ ተመለሺ ለማለት አንጀት የለኝም።