አጎቴ የጀመረው ፀጉር ነው፣ የወደቀው ግን መንግሥት

ለክቡር የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣
በመዶሻዎ አጠገብ ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወንበርዎ፣ ጉሮሮዎ፣ ደወልዎስ ደህና ናቸው? እኛ በራችን ከመታሸጉ በቀር ደህና ነን።

ከሰላምታዬ ቀጥዬ ከባድ መርዶ አረዳዎታለሁ። አምስት ፓርቲዎች ተቃቅፈው ያቆሙት ጥምር መንግሥት፣ ከምክር ቤቱ የጓሮ በር ፊት ለፊት ባለችው የአጎቴ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ በድንገት አርፏል። ሟች ፀጉሩን እንኳ ተቆርጦ አልጨረሰም ነበር። ቀብሩን በመዶሻ ያስፈጸሙት እርስዎ ስለሆኑ ዜናው አዲስ አይሆንብዎትም፤ አሟሟቱን ግን ከእኔ በቀር በትክክል የሚነግርዎ የለም። እኔ የፀጉር አስተካካዩ የእህት ልጅ ነኝ፤ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር የምጠርግ። ትምህርት ቤትና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ በመከባበር ስለተለያየን የቃላት ግድፈት ቢገኝብኝ ይለፉኝ።

እንደሚያውቁት መንግሥቱ የቆመው በአንድ ሰው ብልጫ ነበር። ያ አንድ ሰው ደግሞ ደንበኛችን ናቸው፤ እኛ ሰፈር «ካስማው» እንላቸዋለን። በፓርቲያቸው ውስጥ ሊቀመንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ተራ አባሉም እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤ የሚጎድለው ጉንፋን ሲይዛቸው ነው። የመተማመኛ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ በቴሌቪዥን እታያለሁ ብለው፣ ከምሳ በኋላ ሊስተካከሉ መጡ።

አጎቴ እንደ ሌላው ፀጉር አስተካካይ ራስ ዙሪያ አይዞርም። በመብራት በሚሠራው ቶንዶሱ አንዱን ጎን ከሥር እስከ አናት ይጨርስና ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌላው የሚሻገረው፤ አባቱም እንዲሁ ነበሩ። ቀኙ አለቀ፣ አጎቴ እፍ እፍ ብሎ ወደ ግራ ተሻገረ፣ መብራት ሄደ። በመስተዋቱ የቀረው ራስ፣ ክቡርነትዎ፣ በአንድ በኩል ሙሽራ፣ በሌላው በኩል ከእስር የተፈታ ሰው ይመስል ነበር።

በመቀስ ጨርሰው ብለን አጎቴን ብንለምነው «ቶንዶስ የጀመረውን መቀስ አይጨርስም፣ ይታወቃል» አለ። ማን እንደሚያውቀው አልነገረንም። ወዲያው የመንግሥት ተጠሪው መንገዱን በሩጫ አቋርጠው ገቡ፤ አዩ፤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ሲመለስ «ወንድሜ፣ በቀኝ ጎንህ ዞረህ ተቀመጥ፤ ካሜራው በዚያ በኩል ነው» ብለው መከሩ። ካስማው «ግራዬንስ ተቃዋሚዎች ይሳቁበት?» አሉ። መንግሥት እኮ እየወደቀ ነው ቢባሉም «መንግሥትስ ሌላ ይመጣል፤ እኔን ግን የልጅ ልጆቼ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ራስ ነው የሚያዩኝ» ብለው ፎጣውን አጠበቁ። እኔም ለአገር ብዬ ኮፍያዬን አቀረብኩ።

ቅሬታዎቼ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

፩ኛ፦ ኮፍያዬ ንጹሕ ነበረች፣ ለካስማውም ልክ ሆናላቸው ነበር። ሆኖም በአዳራሹ ውስጥ ኮፍያ የሚከለክለውን ደንብ እርስዎ ባለፈው ዓመት አውጥተውታል። የእርስዎ ራስ ከፀጉር አስተካካይ ጋር ያለውን ጉዳይ ከዘጋ ዘመን ስለሆነው የእኛ የባለፀጉሮቹ ጭንቀት ላይገባዎ ይችላል፤ አልፈርድብዎትም፣ እንዲያውም አዝንልዎታለሁ።

፪ኛ፦ መብራቱን ያጠፋው አጎቴ አይደለም። መብራቱን በየመንገዱ በተራ የሚያጠፋው ያው መንግሥት ነው፤ የዚያን ቀን ተራው የእኛ መንገድ ነበር። የመብራት ሚኒስትሩ በዚያችው ሰዓት መንግሥታቸው እንዳይወድቅ አዳራሹ ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ነበር አሉ። በአንድ እጃቸው ሲደግፉት በሌላው እንዳጠፉት የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ አዳራሻችሁ ጄኔሬተር ስላለው ከመንገድ ማዶ መጨለሙ አይታይም። ስለዚህ ምስጋናዬ ለጄኔሬተሩ ጭምር ይድረስልኝ።

፫ኛ፦ ካስማው ከወንበራችን ስላልተነሡ ድምፁ እኩል ለእኩል ሲወጣ እርስዎ «በደንቡ መሠረት ወድቋል» አሉ። እኔ በትምህርት ዘመኔ እኩሌታውን ባመጣ እናቴ ድግስ በደገሰችልኝ ነበር።

፬ኛ፦ ይህኛው ይከብዳል። በማግሥቱ «መንግሥት በማፍረስ ሤራ» ተብሎ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ ሱቃችን እስኪጣራ ድረስ ታሸገ። አጣሪ ኮሚቴውን ያቋቋሙልን በቅንነት እንደሆነ አምናለሁ። አጣሪዎቹ ከየፓርቲው ተውጣጥተው መጡና የመጀመሪያው ጥያቄያቸው አጎቴ ለምን ከቀኝ ጀመረ የሚል ሆነ። የግራዎቹ «ቀኙን አስውቦ እኛን አጎፍሮ ተወን» አሉ፤ የቀኞቹ ደግሞ «እኛን መላጨቱ ነው፣ ግራው እንዲያድግ ፈልጎ ነው» አሉ። አጎቴ «ቀኝ እጄ ስለሚቀርበው ነው» ብሎ ቢመልስ ማንም አልመዘገበለትም። ከዚያ ሰብሳቢ ሊመርጡ ተቀምጠው ሳይስማሙ ኮሚቴው ፈረሰ። አሁን ኮሚቴው ለምን እንደፈረሰ የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ እየተቋቋመ ነው፤ እሱም ሰብሳቢ ያስፈልገዋል።

እስከዚያው አጎቴ ቤት ውሎ ክፉኛ ተለውጧል። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስተካክል የኖረ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የወጥ ቤቱን መቀስ ይዞ መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ጥበቃ አዳረሰን። የአጎቴ ሚስት ሻሿን አጥብቃ አስራ ነው የምትተኛው። ትናንት የግቢውን ቁጥቋጦ አንድ ጎኑን ብቻ ከርክሞ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲተክዝ አገኘሁት። «ደንበኞቼ ሌላ ቤት ለመዱ» አለኝ። እኔ የምቀልድበት ነገር ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሊቃውንቱ በቴሌቪዥን መንግሥት ለምን እንደሚሰነብትና ለምን እንደሚወድቅ ሲተነትኑ እሰማለሁ፤ የፓርቲ ብዛት ነው ይላሉ፣ የኑሮ ውድነት ነው ይላሉ። እኔ የጠራጊ ትንታኔ አለኝ። ጥምር መንግሥት የሚሰነብተው ሰዎቹ ስለሚዋደዱ አይደለም፤ ተለያይተው ማን ዘንድ እንደሚያድሩ ስለማያውቁ ነው። አጎቴና ሚስቱም የሰነበቱት በዚሁ ሕግ ነው፣ ሁለቱም አይክዱም። የሚወድቀው ደግሞ ሁሉም ሸክሙን በአንድ ሰው አናት ላይ ጭነው ያ አናት ሲያሳክከው ነው። አንድን አገር በአንድ ሰው ራስ ላይ ካቆማችሁ በኋላ ጥፋተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው ማለት፣ ክቡርነትዎ፣ ቤት ሲፈርስ ባለ መጥረጊያውን እንደመክሰስ ነው። ይህንንም በመጥረጊያዬ እመሰክራለሁ።

ስለሆነም በሩ ተከፍቶ አጎቴ ወደ ወንበሩ እንዲመለስ፣ ከወንበርዎ በታች፣ ከምንጣፍዎ በታች፣ ካስፈለገም ከምድር ቤቱ ወርጄ እለምናለሁ።

መዶሻዎ አይሰበር፣ ጄኔሬተርዎ ናፍጣ አይጣ እያልኩ፣
ለጊዜው የሚጠርገው ያጣ፣
የታሸገው ፀጉር ቤት ጠራጊ፣ የባለቤቱ የእህት ልጅ።

በኅዳግ፦ አዲሱ መንግሥትም በአንድ ሰው ብልጫ ነው የተመሠረተው አሉ። ሰውየው ማን እንደሆኑ ለመናገር በእናንተ ፈንታ አፍራለሁ፤ ስምምነቱን ግን ቤታቸው ሆነው፣ ኮፍያ አድርገው ነው የፈረሙት። ማታ ማታ እኛ ቤት ብቅ ይላሉ። የተጀመረ ራስ ሌላ እጅ አይነካውም ብለው ግራ ጎናቸውን ለማንም አላስነኩም፤ አጎቴም ሱቁ ውስጥ ከታሸገበት ቶንዶሱ በቀር በሌላ አልሠራም ብሏል። ሐሙስ አዲሱ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ይጠይቃል። ኮፍያ አሁንም ክልክል ነው፣ የሱቃችን ቁልፍም አሁንም እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ያህል መርዶ የሚያስነግር ነገርም አልነበረም። የቀረው የአንድ ሰው ግራ ጎን ብቻ ነው፤ አጎቴ ተረጋግቶ ቢሠራው እንኳ የተቀዳልዎ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።