ደጅ ያስቀመጥኩት ጣሳ

ሐሙስ፣ ኅዳር 16 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አሰላ

 ነገ መንገዱን ለማልበስ የሚፈሰውን ውህድ ጠዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ በጣሳ አማስዬው ነበር። የድንጋይ ዱቄቱ፣ ውሃውና ሬንጁ ሲዋሃዱ እንደ ሽሮ ቀጥኖ ቡናማ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ ሬንጁ ከውሃው ተለየና ጠቁሮ ረጋ። የሚፈለገውም ይኸው ነው። ለኃላፊያችን ለአቶ ታደለ «ደርሷል» አልኳቸው፤ ሠራተኞቹም ለነገ ታዘዙ።

ከምሳ ስመለስ ከሰል አልቆ ክፍሉ በርዷል። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ የአሰላን ብርድ አልቻልኩትም፤ ማንደጃ ከእግሬ ሥር ተለይቶ አያውቅም። ልቤ አላርፍ ብሎኝ በዚያው ልክ ሌላ አማሰልኩ። ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት፤ ቡናማ እንደሆነ ቀረ። ለካ ጠዋት ያረጋው የእኔ ማንደጃ ነው። መንገዱ ላይ ማን ከሰል ያነድለታል?

ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። አቶ ታደለ ኮታቸውን እየቆለፉ ነበር።

«ቅዳሜ ገበያ ነው» አሉ። «የበቆጂ ፈረሶች ገብስ ጭነው በዚያው ነው የሚያልፉት። ካልረጋ በኮቴያቸው ጠርገው ይወስዱታል።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንድ ጣሳ ደጅ አሳድር። ጠዋት ጠቁሮ ካገኘሁት እናፈስሳለን» ብለው ወጡ።

ጣሳውን ከቤተ ሙከራው መስኮት ውጭ አስቀምጬዋለሁ። ዘበኛው ከሰል አምጥቶልኛል። ጋቢዬን ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምጽፈው። ከሰሉን ማያያዝ ግን ፈራሁ፤ መስኮቱ ስስ ነው፣ ሙቀቱ ሾልኮ ወጥቶ ጣሳውንም እንደ እኔ እንዳያታልለው።