አቶ ወልደአረጋይ እና ዝናብ ያላነሡበት ብርጭቆ

አቶ ወልደአረጋይ ገብረአማኑኤል ከአባታቸው ከመምሬ ገብረአማኑኤል ኃይሌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ዘሥላሴ በኅዳር ወር 1943 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። አባታቸው ቀዳሽ ካህን፣ እናታቸው ለጽዋ ማኅበር ጠላ በመጥመቅ የታወቁ ነበሩ። ልጁም ዳዊት ደገሙ፤ ዜማው ግን እምቢ አላቸው። አባት ቢያዝኑም እናት አላዘኑም፤ ከእንስራው ቀድሞ የሚቀምስላቸው ሰው አግኝተው ነበርና።

ትምህርታቸውን በአንኮበር እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1960 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው በአንድ እህል ነጋዴ ቤት ጆንያ በመሸከም ሥራ ጀመሩ፤ ቆይተውም የራሳቸውን የገብስ መጋዘን ከፈቱ። ከጣርማ በር የሚመጣውን ገብስ በጥርሳቸው ሰብረው ነበር የሚገዙት።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርነሽ እሸቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ታደለን፣ እየሩሳሌምን እና ሔራንን ወለዱ።

በቀብር ላይ ስለ መጠጥ አይነገርም ያሉ አሉ። እሳቸውን በሰው ያስወደዳቸው ይኸው ነው፤ ሌላ ምን ይነገር? በደብረ ብርሃን በሚኖሩበት በጠባሴ ሰፈር ድግስ ያለበት ሰው ሁሉ ጠላውን ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት ለአቶ ወልደአረጋይ ይልክ ነበር። ከጣማቸው አያመሰግኑም፤ ዝም ብለው ብርጭቆውን እንደገና ይዘረጋሉ። ካልጣማቸው ደግሞ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ያስቀምጡና «ለመሆኑ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላሉ። በሠርጋቸው ማግስት የአማታቸውን ጠላ ቀምሰው ስለ ዝናብ ጠይቀዋል፤ እርቁ ብዙ ክረምት ወስዷል። ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ደመቀችም ተጠይቃለች፤ እስከ ዛሬም ፍርዱን አልተቀበለችም።

የመጨረሻ ልጃቸው ሔራን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በ2014 ዓ.ም. በመጋዘኑ ጓሮ አነስተኛ ቢራ መጥመቂያ አቋቋመች። የምትጠምቀው ብሎንድ ኤል የሚባለውን፣ የገለባ ቀለም ያለውን ለስላሳ ቢራ ነበር። ገብሱ የአንኮበር ስለሆነ ስሙንም «አንኮበር» ልትለው አሰበች። አባቷ ግን «ሁለተኛ ቅጂልኝ በማልለው ነገር ላይ የተወለድኩበትን አገር ስም አትለጥፊም» አሏት። ሔራንም የአባቷ ልጅ ናትና ሌላ ስም አላወጣችም። የሰፈሩ ሰው «ስም የለሹን ስጡን» እያለ ሲጠጣ ቆየ።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ አቶ ወልደአረጋይ ወደ መስኮት አንሥተው ብርሃን አሳዩት፤ አረፋውን አዩ፣ አሸተቱ፣ አንድ ጉንጭ ይዘው ቆዩና ዋጡ። ከዚያ ስለ ዝናብ ጠየቁ። ሔራን ምን እንደጎደለው ብትጠይቃቸው «ጥሬ ነው፤ ገብሱ ይቆላ» አሉ። ልጅቱም እንደ ጠላ አሻሮ ገብሱን አጥቁራ ቆልታ ጠመቀች። የወጣው እንደ ጠላ የጠቆረ፣ ጭስ ጭስ የሚል ነገር ሆነ። እሳቸው ራሳቸው ቀምሰው ስለ ዝናብ ሊጠይቁ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ መልሰው ዘጉት። «የለም፣ ይሄኛው በኔ ይቆጠር፤ ቢራው ውስጥ ጠላ ስፈልግ ነበር» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ መጠጡን በራሱ ልክ ቀመሱት። ብቅሉ ዳቦ ዳቦ፣ መጨረሻው ማር ማር ሲል ደስ ይላቸው ነበር፤ ግን «ቅቤ ነገር ይሸተኛል» ይሉ ነበር። ሔራን «አባዬ፣ ብርዱ ነው፤ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛብኛል» አለቻቸው። አቶ ወልደአረጋይ ቤት ገብተው የሚለብሱትን የመንዝ ባና አምጥተው በርሜሉን ጠቀለሉት። ወይዘሮ ብርነሽ «አንተስ ምን ልትለብስ ነው?» ቢሏቸው «እኔ አልጠመቅም» አሉ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሆድ ሕመም ታመው ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። መጠጥም ተከለከሉ። በየካቲት ባና ለብሶ የከረመው ጠመቃ ሲደርስ ግን ሐኪማቸውን አንድ ጉንጭ አስፈቅደው ቀመሱ። ያን ቀን የበልጉ ዝናብ የቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበው ስለነበር ሔራን ጥያቄው መቼ እንደሚመጣ እየጠበቀች ራሷን አቀርቅራ ቆመች። እሳቸው ግን ዝናቡን ሰምተው አላነሡትም። ብርጭቆውን እንደገና ዘረጉ። ሔራን «አባዬ፣ አንድ ጉንጭ ነው የተፈቀደው» ብላ አለቀሰች። «አትቅጂው» አሉ፣ «መዘርጋቴን ግን እይ። ስሙን ጻፊበት።»

አቶ ወልደአረጋይ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው እንደከበባቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

በአርባቸው ጾሙ ተፈትቶ ይገኛል፤ «አንኮበር» የሚል ስም የተጻፈበት ቢራም ይቀርባል። የመጣ ሰው በይሉኝታ እንዳያመሰግን። ያልጣመው ስለ ዝናብ ያንሣ፤ የጣመው ዝም ብሎ ብርጭቆውን ይዘርጋ፤ እሳቸው ያስተማሩን እንዲህ ነው።

የአብርሃም አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን። ለእኛም እሳቸውን የምንመስልበት ዕድሜ ይስጠን። አሜን።