የግራ እግር ፍሬን

ሰኞ፣ ማርች 2፣ ጠዋት

ዝናብ። የጋራዡን በር ግማሽ ከፍቼ እሠራለሁ። ሰማያዊዋ ስኩተር ዛሬም አልነሳም ብላ አንገላታችኝ። ካርቡራተሯን አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ምንም። ካንዴላ ስቀይርላት ሳል ሳል ብላ ተነሳች። ያ ሁሉ ልፋት ለካንዴላ!

ናትናኤል ደወለ። የቤተ ክርስቲያናችን የብርቱካን ልጅ፣ ፍሪሞንት ከተማ ቴክ ኩባንያ የሚሠራው። ትናንት ከቤ/ክ መልስ መጥቶ ቀዩን ሞተር አይቶታል። ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ ሲዳስስ ልቡ እንደሄደ ገብቶኛል። አልፈርድበትም። የሰባዎቹ መጀመሪያ ሥሪት ነው፤ ሲመጣልኝ የዛገ ብረት ነበር፣ መሪውንም መቀመጫውንም እንደገና የሠራሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ልውሰደው አለ። እሺ አልኩት። ግን መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ገዢ ከጀርባ ባለው ባዶ ፓርኪንግ እኔ በቃ እስክለው ድረስ ይዞራል። ሳቀ። ላይሰንስ አለኝ፣ ኮርስም ወስጃለሁ አለ። ቢኖርህም ትዞራለህ አልኩት።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ብርቱካን መጣች። ቀጥታ ከሥራ፣ ከፓሎ አልቶ፤ የሆስፒታሉ ባጅ አንገቷ ላይ ነው። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም። ቀዩን ሞተር ከሩቅ አየችው፣ ፊቷን አዞረች።

ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «ጋሼ ታደሰ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አይሽጡለት።»

ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ እንዴት አድርጌ እከለክለዋለሁ አልኳት። አይከልክሉት፣ ተሸጧል ብቻ ይበሉት አለች። እሷ ብትናገረው ይጣሉና ቤቱን ጥሎ ይወጣል፤ እኔን ግን ያምነኛል። ከዚያ አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ይህን ልጅ ብቻዋን ነው ያሳደገችው፤ ድርብ ሽፍት ስትሠራ አውቃታለሁ። እምቢ የምልበት አንደበት አጣሁ።

ከሰዓት። ደወልኩለት። ተሸጧል አልኩት። የሳክራሜንቶ ሰው ወሰደው ብዬ ከተማ ሳይቀር ፈጠርኩ። «ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ» አለ። እሱ ነው እኔን ያጽናናኝ።

ሞተሩን ሸራ አለበስኩት። ማስታወሻዬ፣ ደግ ሥራ ነው የሠራሁት። አይደል?

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ስኩተሯ ሄደች! የገዛቻት ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፣ ጸጉሯ ጥጥ የመሰለ። ፓርኪንጉን ስትዞር እየሳቀች ነበር፤ ስትጠመዘዝ እግሯን መሬት ታስነካለች፣ አይሆንም እላለሁ፣ ትስቃለች። እስኪሆንላት አቆየኋት። ስትሄድ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋችልኝ።

ብርቱካን በሰው እጅ የጾም ዳቦ ላከችልኝ። ናትናኤል ሞተሩን ትቶታል፣ ስሙንም አያነሳም ብላለች። ቀለል አለኝ። ዳቦው ቆንጆ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 17

አልተወውም ነበር።

እሁድ ሳን ሆዜ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ሌላ አሮጌ ሞተር ገዛ። ኦንላይን አግኝቶት። ትናንት ወደ ሥራ ሲሄድ ፊቱ ያለው መኪና ድንገት ቆመ፤ ከኋላው ገባበት። ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሌሊቱን ኦፕሬሽን አደረጉለት። በሕይወት አለ። ተመስገን። ተመስገን።

ሆስፒታል ሄጄ መጣሁ። ብርቱካን እጄን ያዘችኝ፣ አልለቀችኝም። ልጁ በመድኃኒት ደንዝዟል። ፍሬን ረገጥኩ፣ አልያዘም ይላል፤ ደጋግሞ። እሷ ሽማግሌውን ትራገማለች። ጠበቃ ይዛለች፣ ትከሰዋለች። ሞተሩን አንተ እይልን፣ የምታየውን ትመሰክራለህ አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንተ ብላኝ አታውቅም። ሐዘኑ ነው።

እሺ አልኩ። ለእሷ እሺ ማለት ለምጄያለሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 19

ሳን ሆዜ። መንገዱ ተዘግቶ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የተጎተቱ መኪኖች የሚቀመጡበት ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ጥቁር ሞተር። ከእኔው ቀይ ጋር የአንድ ዘመን ሥሪት። የፊት ሹካው ተቆልምሟል።

ላንቺ አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ። ፍሬኑ የተበላሸ እንዲሆን ጸለይኩ። የኋላውን ጎማ ፈታሁ። የፍሬን ሸራው አዲስ ነው። ዘንጉ ደህና። ፔዳሉን በእጄ ተጫንኩት፣ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። የሠራው ሰው ሥራ ያውቃል።

ከዚያ የማርሹን መርገጫ አየሁ። ወደ ታች ታጥፏል። ሰው በሙሉ ክብደቱ የቆመበት ይመስላል።

ገባኝ። ቁጭ አልኩ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ።

የዛሬ ሞተሮች የእግር ፍሬናቸው በቀኝ ነው፣ ማርሻቸው በግራ። የእነዚህ አሮጌዎች የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ የተማረው በዛሬዎቹ ነው። መኪናው ሲቆምበት ቀኝ እግሩ የለመደውን ፈለገ፤ ያገኘው ማርሽ ነው። እውነቱን ነው፣ ረግጧል። አልያዘም።

ፓርኪንግ የማዞራቸው ለዚህ ነበር። ለሌላ ለምንም አይደለም። እግር በወሬ አይማርም፤ እየተሳሳተ እየተቆጡት ነው የሚማረው። ቀዩን ሸጬለት ቢሆን እግሩ ግራውን እስኪለምድ በሩን አልከፍትለትም ነበር። እኔ ግን ከአደጋ አዳንኩት ብዬ ለማያውቀው ሰው ላክሁት።

ለሽማግሌው ደወልኩለት። አሮጌ ነድተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠይቄው አዎ ብሎኛል፣ አመንኩት አለኝ። ልጁ እንዴት ነው? ይራመዳል? ይህን ሦስቴ ጠየቀኝ። ስለ ክሱ አላነሳም፣ አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ማርች 21

ነገርኳቸው። ሁለቱም ባሉበት፣ አልጋው አጠገብ ቆሜ።

መጀመሪያ የፍሬኑን። ፍሬኑ ደህና ነው፣ በግራ በኩል ነበር አልኩት። ናትናኤል አልጋው ላይ ቀኝ እግሩን ማንቀሳቀስ ፈለገ፣ አልቻለም። ዓይኑን ጨፈነ። እግሩ እንዳስታወሰ ገባኝ።

ቀጥዬ፦ «ቀዩ ሞተር አልተሸጠም። ዋሽቼህ ነው።»

እኔን ያያል ብዬ ነበር። እናቱን አየ። ማንም ምንም አላለውም፤ ራሱ ደረሰበት። «ማም?» አለ ብቻ። ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በእንግሊዝኛ፣ ሳይጮህ፣ ሁለታችሁም ውጡልኝ አለ።

ኮሪደሩ ላይ ቆጣችኝ። «ስለ እግሩ ምን አስወራዎት? በራሱ ጥፋት የተሰበረ ይምሰለው?» ሽማግሌው ባልሠራው እንዲከሰስ ነው ወይ አልኳት። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ ያዘዝኩዎት እኔ ነኝ አለች። የዋሸው አፍ የእኔ ነው አልኳት። ሊፍቱ መጣ። እሷ አልገባችም።

ሐሙስ፣ አፕሪል 2

ሥራ አስጠልቶኛል። ሁለት ሰዎች ቀዩን ሊያዩ መጡ፤ አላሳየኋቸውም።

ክሱ ቀረ። ጠበቃውን አሰናብታዋለች። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፣ አትደውልልኝም። በየቀኑ ምግብ ይዛ ትሄዳለች አሉ፤ ልጁ ይበላል፣ አያናግራትም።

እሺ ባልኳት ቀን እንዲህ ማለት እችል ነበር፦ አልዋሽም፣ ግን በደንብ ሳላስተምረው አልሰጠውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያኔ አልመጣልኝም፤ ዛሬ ጥርሴን ስፍቅ እንኳ ይመጣል። ፈሪ ነኝ፣ ማስታወሻዬ። ሰው ፊቴ ሲያለቅስ የምፈራ ሰው ነኝ። ደግነት ስለው ኖርኩ።

ሰኞ፣ አፕሪል 20፣ ጠዋት

ፋሲካ አለፈ። ብርቱካንን ቤ/ክ አየኋት፤ ከሩቅ እጅ ነሳች። ከስታለች።

አሁን ቴክስት መጣ። ከናትናኤል! በክራንች ይሄዳል፣ ቤት ገብቷል። እናቱን ማናገር ጀምሯል፣ ጥቂት ጥቂት። ሐኪሙ የእዚህ አገር በጋ ሲያልቅ ትድናለህ ብሎታል። ያኔ አሮጌ ሞተር አስተምረኝ ይላል፣ በትክክል፣ ከመጀመሪያው። መቼም እንደማይተወው ያውቀዋል።

ደስ አለኝ። ወንበሬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ወር ሙሉ አልሳቅሁም።

መጨረሻው ላይ ግን፦ ለማሚ እንዳትነግራት፣ በእኔና በአንተ መሃል ይቅር።

ሳቄ ጠፋ። ያኔ እናትየው ለልጁ እውነቱን እንዳልነግረው ለመነችኝ። አሁን ደግሞ ልጁ ለእናቱ። ሁለቱም ስለሚዋደዱ ነው። ሁለቱም እኔ እሺ እንደምል ያውቃሉ።

ስልኩን አስቀምጬ ጋራዡን ጠረግሁ። ተመልሼ ጻፍኩለት፦

«አስተምርሃለሁ። እናትህ ግን አጠገቤ ቆማ ታያለች። አንተው ንገራት። እሷ ሳታውቅ በሬን አልከፍትልህም።»

ላክሁት። በዚህ ዕድሜዬ ለልጅ እምቢ ማለት እንዲህ ይከብዳል?

አንብቦታል። መልስ እየጻፈ ነው። መጻፉን አቆመ። እንደገና እየጻፈ ነው።